ቧሂት



ቅዳሜ ማለዳ ደባርቅ ላይ ነን። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። መግቢያችንን ከፍለን መንገድ መሪና ባለጠመንጃ ስካውት ተሰጠን። ስካውቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ጋቢ ደርበው፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምተዋል። ታናሽ እህቴ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ፣ "ጋሼ፣ ነገ ራስ ዳሸን ጫፍ እንወጣለን አይደል?" አለቻቸው።

"በሁለት ቀን? አይሆንም ልጄ። የቧሂትን ተራራ ግን አወጣችኋለሁ።"

እህቴ አኮረፈች። አብሮን የመጣው የሥራ ባልደረባዬ ከት ብሎ ሳቀባት።

ሳንቃበር የተባለውን የድንኳን ሰፈር ስናልፍ ከመኪና ወርደን የገደሉን አፋፍ ይዘን በእግር ቀጠልን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሜዳውን ሞልተው ሣር ይነጫሉ። በጣታቸው እየለቀሙ፣ እየሰበሰቡ፣ ወደ አፍ ነው። ወንዱ ጋማውን ነፋስ ሲበትነው ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ገላ ወለል ብሎ ይታያል። ማታ ማታ ነብርና ጅብ ወደማይደርሱበት የገደል እርከን ወርደው ያድራሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ተመልሰው ሜዳው ላይ ናቸው። ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚኖሩበት አገር የለም። ባጠገባቸው ስናልፍ ዞር ብሎ ያየን እንኳ አልነበረም። እኔ በበኩሌ ለዚህ ብቻ ደባርቅ ድረስ መምጣት ይገባል እላለሁ።

ጨነቅ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሰፈሩ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ድንኳን ስንተክል ስካውቱ ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ገደሉ ጠቆሙኝ። ዋልያ! ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ ትልቅ ወንድ፣ ፍየል እንኳ የሚፈራው ቋጥኝ ላይ ቆሟል። ይህ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ለዚህም ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። ዋልያውን አይቶ የሚደሰት ሰው እነሱንም ያስብ።

የሌሊቱን ብርድ አልነግራችሁም። ስካውቱ በጋቢያቸው ተጠቅልለው እሳት ዳር አደሩ፤ እኛ ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ ደራርበን ተንቀጠቀጥን። ሳይነጋ ስንነሣ ሣሩ ውርጭ ለብሷል። በሶ በጥብጠን ጠጣንና አቀበቱን ጀመርን።

ጅብራው በግራ በቀኝ ቆሟል። ይህ ተክል ዓመታት ሙሉ ሲያድግ ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይደርቃል። ስካውቱ ከፊት ናቸው፤ አይቸኩሉም፣ አይቆሙምም። "ቀስ፣ ቀስ" ይሉናል። ከ4,000 ሜትር ስናልፍ ባልደረባዬ ዝም አለ። ከዚያ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ወዲያው አስመለሰው። እዚያ ከፍታ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው 60 በመቶ ያህል ነው፤ ጉልበት ያለውንም ይጥላል። "ትንሽ ልረፍና እቀጥላለሁ" ቢል ስካውቱ እምቢ አሉ። "የዚህ በሽታ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ጫፉ የትም አይሄድም።" መንገድ መሪው ደግፎት ተመለሱ። እህቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አብሬው ልውረድ ብትልም እሱ አልፈቀደላትም።

ሦስታችን ቀጠልን፤ መጨረሻ ላይ ድንጋዩን በእጃችንም እየያዝን። ከዚያ በላይ የሚወጣበት ጠፋ። ቧሂት፣ ከ4,400 ሜትር በላይ!

በምሥራቅ በኩል አንድ ረጅም ሰንሰለት ተዘርግቷል። "ያ ነው ራስ ዳሸን" አሉ ስካውቱ።

በትምህርት ቤት 4,620 ብለን ያጠናነው፣ በኋላ ተለክቶ 4,550 ገደማ የሆነው ተራራ። ከቆምንበት የሚበልጠው በመቶ ሜትር ገደማ ነው። እህቴ ጮኸች፤ "ይኸው እዚህ አይደል እንዴ!"

"በዓይንማ ቅርብ ነው። ወደ ታች እይ።"

አየች። በመካከሉ የመሸሃ ወንዝ ሸለቆ አለ። ለዚያች ለመቶ ሜትር ብልጫ መጀመሪያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ወንዙ መውረድ፣ ከዚያ ያንን ሁሉ እንደገና መውጣት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1841 ፌሬ እና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን መኮንኖች ጫፉ ላይ መውጣታቸው ተጽፏል፤ እኔ እዚያ ሆኜ ያሰብኩት ግን በዚያ ሸለቆ ገብስ ዘርቶ፣ በየገበያው ቀን አቀበቱን የሚወጣውን ገበሬ ነው።

እህቴ ብዙ ጊዜ አልተናገረችም። ኩርፊያው ለቋታል።

ጨነቅ ስንመለስ ባልደረባዬ ራስ ምታቱ ተሽሎት ቆሎ ይቆረጥማል። መኪናው ሲነሣ እህቴ ስካውቱ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ከጨነቅ ራስ ዳሸን ደርሶ ለመመለስ ስንት ቀን ይበቃል?"

"በደህና እግር ሦስት ቀን። በቅሎ ያዙ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ኑ።"

"ለጥር ይሁን" አለች። ባልደረባዬ ቆሎውን እያፈሰላት፣ "እኔም አለሁበት፤ ግን ጨነቅ ላይ አንድ ቀን አርፈን" አለ።