ጎተራው ለምን ተከፈለ?

«ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለዱ ተመራማሪዎች የጻፏቸውን ጥናቶች አምጣልኝ።» ዊኪዳታን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አንድ ቦታ ጠይቆ መልሱን ይወስድ ነበር። ዛሬ ተመራማሪዎቹ በአንድ ጎተራ፣ ጥናቶቻቸው በሌላ ጎተራ ተቀምጠዋል። ሁለቱን የማገናኘቱ ሥራ የጠያቂው ሆኗል።

ነገሩ ሩቅ ይጀምራል። የድርን ሐሳብ ያመነጨው ቲም በርነርስ ሊ፣ ሰነዶች እርስ በርስ እንደተያያዙ መረጃዎችም ይያያዙ የሚል ሕልም ነበረው። እሱ ያቋቋመው ደብልዩ ስሪ ሲ የተባለው የድር ደረጃ አውጪ ድርጅት በ1999 አርዲኤፍን አጸደቀ። አርዲኤፍ ማንኛውንም መረጃ ትሪፕል ወደሚባል ሦስት ክፍል ይሰብረዋል፤ «የኢትዮጵያ»፣ «ዋና ከተማ»፣ «አዲስ አበባ» እንደማለት ነው። ለእያንዳንዱም ነገር የማይደገም መለያ ይሰጠዋል። በዊኪዳታ ኢትዮጵያ ኪው115 ናት። ስሟ በአማርኛም ይጻፍ በጃፓንኛ ቁጥሯ ያው ነው።

የሕልሙ ቁም ነገር መረጃው ከባለቤቱ ደጅ ሳይወጣ ከሌላው ጋር እንዲጠየቅ ነው። ስፓርክል የተባለው የመጠየቂያ ቋንቋ በ2008 ሲጸድቅ ይህን አልያዘም ነበር። መፍትሔው በማርች 2013 መጣ፦ ጠያቂው በጥያቄው መሀል «ይህን ክፍል እዚያኛው አድራሻ ጠይቅ» ብሎ ይጽፋል፤ የመጀመሪያው ጎተራ ጥያቄውን ወደ ሌላው ልኮ መልሱን ከራሱ ጋር ያጋጥማል። ለምሳሌ የፕሮቲን መረጃ የሚይዘው ዩኒፕሮት ከዊኪዳታ ጋር በዚህ መንገድ ይጠየቃል። በወረቀት ላይ ያምራል። ግን አንዱ ጎተራ ከዘገየ ሁሉም ይዘገያል። ነጻ የሚባለውንም መልስ የሚያወጣው የሆነ ሰው የሚከፍልበት ኮምፒውተር ነው። ዊኪዳታ ለአንድ ጥያቄ 60 ሰከንድ ብቻ የሚሰጠው፣ ጥያቄ የሚያስተላልፈውም ለተፈቀደላቸው አድራሻዎች ብቻ የሆነው ለዚህ ነው።

ዊኪዳታ በ2012 ተወለደ። በ2015 የመጠየቂያ አገልግሎቱን ሲከፍት ብሌዝግራፍ የተባለ፣ አንድ አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ የሠራውን ሶፍትዌር መረጠ። ብዙም ሳይቆይ የሶፍትዌሩ ባለሙያዎች ወደ አማዞን ተሻገሩ፤ አማዞንም በ2017 ኔፕቹን የተባለ የራሱን የግራፍ ዳታቤዝ ይፋ አደረገ። የብሌዝግራፍ ኮድ ክፍት ስለነበር ማንም ሊነጥቀው አልቻለም። ኮዱ ቢቀርም ጠጋኙ ሄደ፤ ክፍት ሶፍትዌርን የሚያወድሱ ሰዎች ይህችን ክፍል መዝለል ይወዳሉ።

መረጃው ግን አልቆመም። በጎ ፈቃደኞች በቦት እየታገዙ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሳይንሳዊ ጽሑፎችን አስገቡ፤ ከጠቅላላው ትሪፕል ግማሽ ያህሉ የእነሱ ሆነ። ብሌዝግራፍ ይህን ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር መሸከም ነበረበት። ከተበላሸ እንደገና መሙላት ሳምንታት ይፈጃል። ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን በ2022 ተተኪ ሶፍትዌሮችን አወዳድሮ ዘገባ ቢያወጣም ቶሎ አልቀየረም። በሜይ 2025 ጎተራውን ለሁለት ከፈለው፦ ሳይንሳዊ ጽሑፎች ለብቻ፣ የቀረው ለብቻ።

ውሳኔው የጭንቅ ነው፤ አገልግሎቱ ጨርሶ ከሚወድቅ ይሻላል። ሆኖም ባለቤታቸው የተለያየ ጎተራዎችን ለማገናኘት የታሰበው ዘዴ የአንድን ባለቤት ጎተራ መጠገኛ ሆነ፤ ዋጋውም በጠያቂዎቹ ጫንቃ ላይ ወደቀ። የተመራማሪዎችን ሥራ ከዊኪዳታ እየለቀመ የሚያሳየው ስኮሊያ ጥያቄዎቹን እንደገና መጻፍ ግድ ሆነበት። የተመራማሪዎቹ ዝርዝር ሲረዝም ደግሞ 60 ሰከንዱ መንገድ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

ያ የ2022 ዘገባ ለመጨረሻ እጩነት ካቀረባቸው አራት ሶፍትዌሮች አንዱ በጀርመን የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኪውሌቨር ነው። ሠሪዎቹ መላውን ዊኪዳታ፣ ሰዎቹንም ጽሑፎቹንም ሳይለዩ፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭነው ለማንም ጠያቂ ክፍት አድርገውታል።