ሲፍላግስ የማን ነው? የሦስት ትንንሽ ስሞች ታሪክ

ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ከምንጭ ኮዱ ለመገንባት ሞክራችሁ ከሆነ፣ «ሲሲ»፣ «ሲፍላግስ» እና «ኤልዲፍላግስ» የሚባሉ ስሞች ሳያጋጥሟችሁ አይቀሩም። በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ነው የሚጻፉት። ብዙ ሰው ከሌላ ቦታ ገልብጦ ይለጥፋቸውና ያልፋል። ግን እነዚህ ስሞች እኮ ታሪክ አላቸው። ታሪኩም በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው፦ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው እና በራሱ ማሽን ላይ የሚገነባው ሰው የተለያዩ ሲሆኑ፣ በምኑ ላይ ማን ይወስናል?

መጀመሪያ ሁለቱን ሠራተኞች እንተዋወቃቸው። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ይተረጉማል። ትልቅ ፕሮግራም በብዙ ፋይሎች ተከፋፍሎ ስለሚጻፍ፣ እያንዳንዱ ፋይል ለየብቻው ይተረጎማል። ከዚያ ሊንከር ይመጣል። የተተረጎሙትን ቁርጥራጮች ይሰበስባል፣ ከላይብረሪ የጎደለውን ያመጣል፣ አንዱ ክፍል ሌላውን የሚጠራበትን አድራሻ ይሞላል፤ በመጨረሻም አንድ የሚሠራ ፕሮግራም ያወጣል።

የሚገርመው ነገር፣ «ኮምፓይለር» የሚለው ስም መጀመሪያ የተሰጠው ለዛሬው ሊንከር ለሚቀርብ ሥራ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግሬስ ሆፐር ዩኒቫክ ለተባለው ኮምፒውተር «ኤ-ዜሮ» የተሰኘ ሥርዓት ሠራች። ተዘጋጅተው ቴፕ ላይ የተቀመጡ የኮድ ክፍሎችን በቁጥራቸው እየጠራ ይሰበስብና ያያይዝ ነበር። «ኮምፓይል» ማለትም መሰብሰብ፣ ማጠናቀር ነው። ስሙ ከዚያ መጣ።

ወደ 1970ዎቹ እንለፍ። አሜሪካ ውስጥ፣ ቤል ላብስ በተባለው የምርምር ተቋም፣ ዴኒስ ሪቺ የሲ ቋንቋን ፈጠረ። ዩኒክስ ላይ የሲ ኮምፓይለር ትዕዛዝ ስሙ «ሲሲ» ነበር፤ ሊንከሩ ደግሞ «ኤልዲ»። ሁለት ሁለት ፊደል፣ በቃ።

እዚያው ቤት ውስጥ አንድ ችግር ነበር። ስቲቭ ጆንሰን የተባለ ባልደረባ ስህተት ፍለጋ ሲደክም አረፈደ። ስህተቱ ግን ቀድሞ ተስተካክሎ ነበር! የተስተካከለው ፋይል እንደገና ስላልተተረጎመ፣ የሚሠራው አሮጌው ፕሮግራም ነበር። ይህን የሰማው ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 «ሜክ» የተባለውን መሣሪያ ሠራ። ሜክ የፋይሎቹን የተቀየሩበትን ሰዓት ያነጻጽራል፤ ምንጩ ከውጤቱ አዲስ ከሆነ፣ ያንን ብቻ እንደገና ይገነባል። ፌልድማን ለዚህ ሥራው በ2003 የኤሲኤም የሶፍትዌር ሥርዓት ሽልማትን አግኝቷል።

ለእኛ ታሪክ ዋናው ነጥብ ግን ይኸውላችሁ። ሜክ የሲ ፋይል እንዴት እንደሚተረጎም ራሱ ያውቅ ነበር። የኮምፓይለሩን ስም ግን ቁርጥ አድርጎ አልጻፈውም፤ ቦታውን በተለዋዋጭ ተካው። ምንም ካላላችሁት «ሲሲ» የተለመደው ኮምፓይለር ነው። አዲስ ኮምፓይለር መሞከር ከፈለጋችሁ፣ ትዕዛዙን ስትጽፉ ለሲሲ አዲሱን ስም ትሰጣላችሁ። «ሲፍላግስ» ላይ ደግሞ ለኮምፓይለሩ የሚሰጡ ምርጫዎችን ታስገባላችሁ፤ ለምሳሌ ፍጥነት ይጨመርልኝ የሚለውን። የግንባታው መመሪያ የተጻፈበት ፋይል አይነካም። የወጥ አሠራር የሚጽፍ ባለሙያ መጨረሻ ላይ «ጨው እንደ ፍላጎትዎ» ብሎ እንደሚተወው ማለት ነው።

በ1980ዎቹ ነገሩ ተወሳሰበ። ዩኒክስ አንድ መሆኑ ቀርቶ የሰን፣ የኤችፒ፣ የአይቢኤም እየተባለ በየኩባንያው ተለያየ። ኮምፓይለሩ የተለየ፣ ላይብረሪው የሚገኝበት ቦታም የተለየ። ፕሮግራም ያገኘ ሰው መመሪያውን በእጁ እያረመ ለማሽኑ ማስማማት ነበረበት። በ1991 በጋ ዴቪድ ማኬንዚ ለፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ይሠራ በነበረበት ጊዜ «አውቶኮንፍ»ን ጀመረ። ይህ መሣሪያ ከፕሮግራሙ ጋር የሚላክ «ኮንፊገር» የተባለ ስክሪፕት ያዘጋጃል። ስክሪፕቱ ዘዴው ቀላል ነው፦ ጥቃቅን የሙከራ ፕሮግራሞችን ይጽፋል፣ በሲሲ ለመተርጎም ይሞክራል፣ ከተሳካ «ይህ ነገር እዚህ ማሽን ላይ አለ» ብሎ ይመዘግባል። ለሊንከሩ የሚሰጡ ምርጫዎችም የራሳቸው ቦታ አላቸው፤ እሱም «ኤልዲፍላግስ» ነው።

ታዲያ ሲፍላግስ የማን ነው? የግኑ ፕሮጀክት የአጻጻፍ ደንብ ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጣል፦ የሚገነባው ሰው ነው። የፕሮግራሙ ደራሲ ያለ እሱ የማይሆን ምርጫ ካለው፣ በሌላ መንገድ ያስገባው እንጂ ሲፍላግስ ውስጥ አይክተተው ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሜክ ትዕዛዝ ላይ የተጻፈ ዋጋ መመሪያው ውስጥ ያለውን ይሽረዋል። ደራሲው የግድ የሚያስፈልገውን ነገር እዚያ ካስቀመጠ፣ ተጠቃሚው የራሱን ሲጽፍ ግንባታው ይበላሻል።

ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ይመስላችኋል? ተከተሉን። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት በ2013 ሰባተኛውን እትም ሲያወጣ፣ ብዙ ጥቅሎቹን በመከላከያ ምርጫዎች ገንብቶ ነበር። አንዱ ምርጫ ኮምፓይለሩ በማስታወሻው ላይ ምስጢራዊ ምልክት እንዲያስቀምጥ ያደርጋል፤ አጥቂ ከተፈቀደው በላይ ሲጽፍ ምልክቱ ይበላሽና ፕሮግራሙ ይቆማል። ሌላው ለሊንከሩ ይሰጣል፤ ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ አንዳንድ የአድራሻ ሠንጠረዦች እንዳይቀየሩ ይቆልፋል። እነዚህ ምርጫዎች በሺዎች ወደሚቆጠሩ ፕሮግራሞች የሚደርሱት በየትኛው መንገድ ነው? በሲፍላግስና በኤልዲፍላግስ።

አሁን አንድ ደራሲ በመመሪያው ፋይል ውስጥ «ሲፍላግስ ይህ ነው» ብሎ የራሱን ዋጋ ጽፎ ነበር እንበል። ከሥርዓቱ አካባቢ የመጣ ዋጋ ደግሞ በዚህ ይሻራል። ግንባታው ያለ ምንም ስህተት ያልቃል፣ ፕሮግራሙም ይሠራል። መከላከያው ግን የለም፤ የለም ብሎ የሚናገርም የለም። ለዚህ ነው የዴቢያን ሰዎች የግንባታ መዝገቦችን እያነበቡ ምርጫዎቹ በትክክል መድረሳቸውን የሚያጣሩት።

እናንተም የራሳችሁን ፕሮግራም ስትጽፉ ይህን አስቡ። የሚያስፈልጋችሁን ምርጫ በሌላ ስም አስቀምጡ፤ ሲፍላግስንና ኤልዲፍላግስን ክፍት ተዉላቸው። ከዚያ በትዕዛዙ ላይ የተለየ ዋጋ እየሰጣችሁ ሞክሩ፤ ሜክ እየጻፈ የሚያሳየውን ትዕዛዝም በጥሞና አንብቡ። የሰጣችሁት ምርጫ እዚያ ውስጥ ከታየ፣ ፕሮግራማችሁን ነገ በማታውቁት ማሽን ላይ የሚገነባው ሰውም የራሱን ምርጫ መስጠት ይችላል።