የሐይቅ ዳር መናፈሻ ታሪክ፤ ከአቦምሳ እስከ ቢሾፍቱ

ከአቦምሳ ተነሥቶ በአዳማ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሞጆንና ቢሾፍቱን አልፎ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ላይና በአቅራቢያው ሰዎች አየር ለመለወጥ የሚሄዱባቸው ውሃዎች ተደርድረዋል፤ እነርሱም ሶደሬ፥ ቆቃና የቢሾፍቱ ሐይቆች ናቸው። አቦምሳ ራሷ ግን የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ሆና፥ ከወደ ታች የአዋሽ ሸለቆ ከወደ ላይ የአርሲ ደጋ እያላት፥ በጎብኚዎች ዘንድ ስሟ እምብዛም አይነሣም። ይህ ልዩነት ከመልክአ ምድር ውበት የመጣ ነው ብለን አናምንም። ምክንያቱ በታሪክ ውስጥ ይገኛል፤ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረውም ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት መንገድ ነው። የምድር ባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ቢሾፍቱ፥ ሞጆና አዳማ የባቡር ጣቢያ ሆኑ። ቢሾፍቱ ከዋናው ከተማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ ጧት ሄዶ ማታ መመለስ የሚቻልባት ሆነች። ሶደሬም ፍል ውሃው ለአዳማ ቅርብ በመሆኑ ተጠቀመ፤ በ1989 ዓ.ም. የሶማሊያ ወገኖች ለድርድር የተሰበሰቡት በዚሁ በመታጠቢያው ስፍራ መሆኑ የሚያስገርም ነው። የቆቃ ሐይቅ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ኃይል በተሠራው ግድብ የተፈጠረ ሲሆን፥ ሽርሽሩ በኋላ የተከተለ ነው።

ወደ ቢሾፍቱ እንመለስ። ሐይቆቿ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ፕሮሰር፥ ዉድና ባክስተር ስለእነዚህ ሐይቆች ጥልቀትና ኬሚካዊ ጠባይ በ1968 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትመዋል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት 87 ሜትር፥ የባቦጋያ 65 ሜትር፥ የሆራ 38 ሜትር ያህል ነው። ከሐይቆቹ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ይኸውም ወደ ውስጥ የገባው ቆሻሻ ሁሉ እዚያው ይቀራል ማለት ነው።

እነዚህ ውሃዎች መናፈሻ ከመባላቸው አስቀድሞ የምስጋና ስፍራ ነበሩ። የኦሮሞ ሕዝብ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፥ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ሆራ አርሰዲ ወርዶ ለዋቃ ምስጋና ያቀርባል፤ በዓሉም ኢሬቻ ይባላል። በዚህ ሥርዐት ውስጥ የውሃው ዳር ሁሉም የሚደርስበት ነው እንጂ የአንድ ሰው ርስት አይደለም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ፖሊስ በበዓሉ ላይ አስለቃሽ ጢስ ከተኮሰ በኋላ በተነሣው ግፊያ ብዙ ሰዎች ሞተዋል፤ የሆራን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ቀን ሊዘለው አይገባም።

ሁለተኛው የውሃ ዳር ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በቢሾፍቱ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ስሙም በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በተቀመጡበት ቤት ስም ፌርፊልድ ተባለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቱሪስት ድርጅት ተቋቁሞ፥ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» በሚለው ቃል አገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቁ፥ የውጭ እንግዳ በይበልጥ የተመራው ወደ ሰሜኑ፥ ወደ አክሱም፥ ላሊበላና ጎንደር ነበር። እንደ ግምታችን ሐይቆቹ የቀሩት ለዋናው ከተማ ነዋሪ ነው። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ሆነ፤ ነገር ግን የመሬቱ ባለቤት መለወጥ ብቻውን ለተራው ሰው ወደ ውሃው የሚያስገባ መንገድ አላበጀለትም። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በባቦጋያና በኩሪፍቱ ዙሪያ ሎጆችና ሪዞርቶች በዝተው አፋፉን ይዘዋል።

ሪዞርቶቹ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ መሆናቸውን አንክድም። ዳሩ ግን የመግቢያ ዋጋ የማይከፍል የከተማው ልጅ የትኛውን ውሃ በነጻ ሊደርስበት እንደሚችል የሚጠይቅ ጥናት ያስፈልጋል። ባልደረቦቻችን የእያንዳንዱን ሐይቅ ዙሪያ በእግራቸው ለክተው፥ ክፍቱንና የታጠረውን በካርታ ላይ ቢያሰፍሩ፥ ሽማግሌዎችንም ከብት ይጠጣ የነበረው በየት በኩል እንደ ነበረ ቢጠይቁ መልካም ነው። አስፋልትና ሆቴል በብዛት ሳይደርሳት፥ ይኸው ሥራ በአቦምሳ ዙሪያ ባሉት ምንጮችና በአዋሽ ዳር ከአሁኑ ሊጀመር ይችላል።