ፖዶኮኒዮሲስ (የደጋው ዝሆኔ)

ፖዶኮኒዮሲስ በእሳተ ገሞራ ዐለት መፈራረስ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግራቸው በሚሄዱ ሰዎች ላይ የሚታይ የእግር እብጠት ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሕዝቡ በትንኝ ከሚተላለፈው እብጠት ሳይለይ ሁለቱንም ዝሆኔ ይላቸዋል፤ ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው የደጋውን ነው።

ስርጭት

በኢትዮጵያ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታና በቂ ዝናብ ባለበት መሬት ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከ129 ሺህ በላይ ሰዎች በተመረመሩበት አገር አቀፍ ዳሰሳ ከመቶ 4 ያህሉ ታመው ተገኝተዋል።

መለያ ምልክቶች

እግሩ ከገዘፈና ቆዳው እንደ ድንጋይ ሽበት ከሻከረ በኋላ በሽታውን ለመለየት ባለሙያ አያስፈልግም፤ ችግሩ ያን ጊዜ ወደ ቀድሞው መመለስ አዳጋች መሆኑ ነው። ስለዚህ መታየት ያለበት የእብጠቱ መጠን ሳይሆን የምልክቶቹ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የእግር ፊተኛው ክፍል ያሳክካል፣ ሌሊት ውስጥ እግር ያቃጥላል፣ ጣቶቹም ይራራቃሉ። ቀን ያበጠው እግር ሌሊቱን ጎድሎ ያድራል፤ ታማሚው ድካም ነው ብሎ የሚያልፈው፣ በእንክብካቤ መመለስ የሚቻለውም በዚህ ደረጃ ነው። ቆይቶ እብጠቱ መጉደሉን ይተዋል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ፈሳሽ ያዣል፣ ጣቶቹም ይገተራሉ። አልፎ አልፎ ትኩሳትና የብሽሽት ንፍፊት ያለበት፣ ከአልጋ የሚጥል ግርሻ ይመጣል።

ሕመሙን የሚያረጋግጥ የላቦራቶሪ ምርመራ ስለሌለ በዓይንና በጥያቄ ብቻ መለየት አያስተማምንም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው መሠረት አለው፤ ሆኖም በወላይታ በተደረገ ጥናት የሠለጠኑ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ከለዩአቸው ሕሙማን እጅግ የሚበዙት በሐኪም ምርመራም ጸንተዋል። ሠራተኞቹን የሚረዳቸው ተመሳሳይ በሽታዎችን ለይተው ማስወገድ መቻላቸው ነው። የደጋው ዝሆኔ ከእግር ጫፍ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጉልበት እምብዛም አያልፍም፣ አንዱ ቢብስም አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል። እንደ ጋምቤላ ባለው ቆላ የሚገኘው፣ ትንኝ የምታስተላልፈው ጥገኛ ትል የሚያመጣው ዝሆኔ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ እግር ይበረታል፤ የቆለጥ እብጠትም ሊያስከትል ይችላል፤ ሲያጠራጥር የጣት ደም ይመረመራል። የእግር ስሜት ከደነዘዘ ሥጋ ደዌ መታሰብ አለበት። ልዩነቱ ለሕክምናው ወሳኝ ነው፤ ለትሉ የሚታደለው ክኒን ለደጋው ዝሆኔ አይረዳም።

መንሥኤ

በጣም ያከራከረው የበሽታው መንሥኤ ነው። ብሪታኒያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ባደረጉት ምርምር የሕሙማን ንፍፊት ውስጥ የአፈር ማዕድን ቅንጣቶች አገኙ፤ ቅንጣቶቹ በውስጥ እግር ቆዳ ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳሉ የሚለውን ሐሳብም አጠናከሩ። በሰሜን ኢትዮጵያ አፈር ላይ በኋላ የተደረገ ጥናት በሽታው ስመክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ ከሚበዙበት አፈር ጋር ተያይዞ እንደሚታይ አመልክቷል። ይሁንና አፈሩ ብቻውን ነገሩን አያስረዳም፤ በአንድ ማሳ በባዶ እግራቸው ከሚያርሱት ጥቂቶቹ ብቻ ይታመማሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረ መል ጥናት ተጋላጭነቱን የሰውነትን የመከላከል ምላሽ ከሚመሩ ጂኖች ጋር አያይዞታል። ከዚህ ተነሥቶ በሽታው በዘር የሚወርድ ነው፣ ከዚያ ቤት አትጋቡ ማለት ግን ስሕተት ነው፣ ጎጂም ነው። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ ሕመሙ አይደለም፤ እግሩ ከአፈሩ ካልተገናኘ ተጋላጩም አይታመምም። በሰሜን አፍሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ቀድሞ ይታይ የነበረው ይህ በሽታ ጫማ ከተለመደ በኋላ መጥፋቱ ለዚህ ጠንካራ ማስረጃ ይመስላል።

ሕክምና

ሕክምናው እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ሙከራ ይህ እንክብካቤ ግርሻን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ያበጠ እግር የገበያ ጫማ ስለማይገባው በልክ የተሰፋ ሰፊ ጫማ ማቅረብ የሕክምናው አካል ተደርጎ ይወሰዳል።