የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት፦ ኢንተርፕራይዞች አሠራራቸውን ለማሻሻል ከሙያዊ ድጋፍ እንዴት ይጠቀማሉ?

የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ተቋማት አሠልጣኞች ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች በሥራ ቦታቸው ተገኝተው የሚሰጡት ድጋፍ ነው። አገልግሎቱ የቴክኒክ ክህሎት፣ ኢንተርፕረነርሺፕ፣ ካይዘን እና ቴክኖሎጂ የተሰኙ አራት ዘርፎችን ያካትታል።

ካይዘን ምንድን ነው?

ካይዘን ቀጣይነት ያለው መሻሻል ማለት ሲሆን መነሻው ጃፓን ነው። በኢትዮጵያ በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ከተሞከረ በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። ትግበራው የሚጀምረው “አምስቱ ማዎች” በሚባሉት ተግባራት ነው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ እና ማዝለቅ። ለዚህም አዲስ ማሽን መግዛት አያስፈልግም።

ጥቅሙ በምን ይለካል?

ስድስት ሠራተኞች ያሉትን የእንጨት ሥራ ኢንተርፕራይዝ በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። እያንዳንዱ ሠራተኛ መሣሪያ ፍለጋ በቀን 20 ደቂቃ ቢያጠፋ፣ በቀን 2 ሰዓት፣ በስድስት የሥራ ቀናት ደግሞ 12 ሰዓት ይባክናል። ደመወዝና የቤት ኪራይ ግን ለባከነውም ሰዓት ይከፈላሉ። በመሆኑም ለመሣሪያዎች ቋሚ ቦታ መስጠት ወጪን ከመቀነስ ተለይቶ አይታይም።

ከኢንተርፕራይዙ ምን ይጠበቃል?

አሠልጣኙ የአሠራር ዘዴውን ያውቃል፤ ሥራው የት እንደሚጓተት አስቀድሞ የሚያውቀው ግን በየዕለቱ የሚሠራው ሰው ነው። ስለዚህ አንቀሳቃሾች፦

1. በቅድሚያ ሊፈታ የሚገባውን አንድ ችግር ለይተው ያቀርባሉ፤
2. የሚበላሸውን ምርት፣ የሚባክነውን ጊዜና ጥሬ ዕቃ ከድጋፉ በፊት ይመዘግባሉ፤
3. ሠራተኞች በሙሉ በውይይቱና በትግበራው እንዲሳተፉ ያደርጋሉ፤
4. ከድጋፉ በኋላ በተመሳሳይ መንገድ መዝግበው ለውጡን ያነጻጽራሉ።

ከድጋፉ በፊት የተያዘ መረጃ ከሌለ ለውጥ መገኘቱን ማረጋገጥ ያዳግታል። አሠልጣኙ ከሄደ በኋላ ክትትሉ ከተቋረጠም የሥራ ቦታው ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

ድጋፍ የሚፈልጉ አንቀሳቃሾች በወረዳቸው ወደሚገኘው የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ጣቢያ ወይም በአቅራቢያቸው ወዳለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ቀርበው መጠየቅ ይችላሉ።