ቡልዶግ ለምን አታምጥም?

“ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች” ይላል ያገራችን ሰው፣ አላዋቂ አዋቂን ላስተምር ሲል። ለውሻም ምጥ ያስተማራት የለም። የኛዋ የግቢ ውሻ ቀኗ ሲደርስ ከአጥር ጥግ አፈር ጭራ ትሰወርና በማግስቱ ቡችሎቿን እየላሰች ትገኛለች። ሐኪም ይጠራ ያለም የለም። እንግሊዞች ያራቡት ቡልዶግ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኦፕራሲዮን መውለድ አይሆንላትም። እንዴት እዚህ ደረሰች? የዛሬው ጨዋታችን ይኸው ነው።

ቡልዶግ ስሟ እንደሚነግረን ከኮርማ ጋር የምትታገል ውሻ ነበረች። ኮርማው በገመድ ይታሰራል፤ ውሻዋ አፍንጫውን ነክሳ እንድትይዝ ትለቀቅበታለች፤ ተመልካቹ ይወራረዳል። ጭካኔ ነው። ይሁንና ለዚያ ሥራ ቀልጣፋና ጠንካራ ሰውነት ያስፈልግ ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ ጨዋታውን በ1835 እ.ኤ.አ. በሕግ ሲከለክለው ቡልዶግ ሥራ ፈታች።

ሥራ የፈታችው ውሻ የመልክ ውድድር ውስጥ ገባች። በ1873 ኬነል ክለብ፣ በ1875 ደግሞ የቡልዶግ ወዳጆች ክለብ ተቋቋሙ። ጥሩ ቡልዶግ ምን መምሰል እንዳለበትም በጽሑፍ ሰፈረ። ጭንቅላቷ በጣም ትልቅ፣ ፊቷ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ከወገቧ በታች ጠበብ ያለች እንድትሆን ተፈለገ። ዳኛው ይህንን ሸለመ፤ አርቢውም የተሸለመውን አራባ። እስቲ ልብ በሉ! ትልቅ ጭንቅላት ያለው ቡችላ በጠባብ ዳሌ ውስጥ እንዲያልፍ ነው የተፈረደው።

በጥንቱ ዘመን ቢሆን ነገሩ እዚያው ይቆም ነበር። መውለድ ያቃታት ውሻ ከነቡችሎቿ ስለምትሞት መልኳን የሚወርስ አይተርፍም። ጨካኝ ዳኛ ነው፤ ግን ዳኛ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ማደንዘዣው፣ ንጽሕናውና ፔኒሲሊኑ ሲሟሉ የእንስሳት ሐኪሙ እናቲቱንም ቡችሎቹንም ማትረፍ ቻለ። እሰየው ነው። የተረፈችው ሴት ቡችላ ግን የእናቷን ዳሌ ወርሳ አደገች፤ በተራዋ እሷም ቢላዋ ሥር ተኛች። ከእንግሊዝ አርቢዎች በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2010 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የቡልዶግ፣ የፈረንሳይ ቡልዶግና የቦስተን ቴሪየር ወሊዶች ከ80 በመቶ በላይ በኦፕራሲዮን ነበሩ።

ኦፕራሲዮን ይቅር ማለቴ አይደለም። ውሻ ግማሽ ሰዓት ያህል በኃይል እያማጠች ቡችላ ካልወጣ፣ ወይም የመጀመሪያው ሳይወለድ አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ፣ “ተፈጥሮ ታውቃለች” ብሎ መቀመጥ ነፍስ ማጥፋት ነው። ቶሎ ወደ ሐኪም! በቀጠሮ የሚደረገውም የራሱ ጣጣ አለው። የእርግዝናው ጊዜ እንቁላሏ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር 63 ቀን ገደማ ነው፤ ከተጠቃችበት ቀን ከተቆጠረ ግን በብዙ ቀን ሊዛነፍ ይችላል። ቀኑ ሳይደርስ የወጣ ቡችላ ሳንባው ስላልጠና ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም ደሟን መርምሮ የሆርሞኗን መጠን ሳያይ አይቀድም። ከማደንዘዣ የነቃች እናትም ቡችሎቿን ቶሎ ላትቀበላቸው ትችላለች።

እንግዲህ ምርጫው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው የምጡ ሌሊት ነው፤ ያን ጊዜ የሐኪሙ ቃል ይሰማ። ሁለተኛው ከዚያ በፊት፣ የትኛዋ ውሻ ከየትኛው ትዳቀል ሲባል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው። ኬነል ክለብም ዘግይቶ ነቅቷል። በ2009 የቡልዶግን መለኪያ አሻሻለ፤ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ሁለት ጊዜ በኦፕራሲዮን ከወለደች ውሻ ከዚያ በኋላ የሚወለዱትን አልመዘግብም አለ። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን መዝገብ የማያስፈልገው ገዢ እስካለ ድረስ ያለ መዝገብ የሚያራባም አይጠፋም።

ስለዚህ ነገሩ ወደ ገዢው ይመለሳል። ፊቱ ጭፍልቅ ያለ ቡችላ አይታችሁ “ሲያምር!” ብላችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት። አባቱ ስንት ዋንጫ እንዳገኘ አይደለም። እናቱ እንዴት አድርጋ እንደወለደችው፣ አያቱስ እንዴት እንደወለደቻት ጠይቁት።