የልጃችሁን መዝገብ የሚገመግመው ሰው ምን ተምሮ ነው?

ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ላለበት ልጃችሁ ድጋፍ ጠይቃችሁ «አይገባውም» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ፣ መጀመሪያ የምትሉት «ማን ነው ይህን የወሰነው? ልጄን አይቶታል?» ነው። አሜሪካ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዛሬ የገምጋሚዎቹን ታሪክ ባጭሩ ላጫውታችሁ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ኤስኤስአይ የሚባለው ድጋፍ በ1972 ታውጆ በ1974 ሥራ ጀመረ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተሰብ የሚወለዱ አካል ጉዳተኛ ልጆችንም ይጨምራል። ማመልከቻውን የሚመረምረው በየክፍለ ግዛቱ ያለ ቢሮ ነው። መዝገቡን የሚይዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ሳይሆን ለሥራው የሠለጠነ ሠራተኛ ነው፤ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክረዋል። ብዙ ጊዜ ልጁን ሳያዩ ከወረቀቱ ይወስናሉ።

ገምጋሚዎች ቀድሞ የሚሠሩት በሕመሞች ዝርዝር ነበር። አዋቂ ሰው ሕመሙ ከዝርዝሩ ጋር ባይመጣጠንም «ታዲያ መሥራት ይችላል?» ተብሎ ይታይለታል። ለልጅ ግን ከዝርዝሩ ወዲያ ሌላ ዕድል አልነበረም።

በየካቲት 1990 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ይህ አሠራር ከሕጉ ጋር አይስማማም አለ። ገምጋሚዎችም «ሕመሙ ምንድን ነው?» ከሚለው አልፈው «ልጁ ከእኩዮቹ አንጻር ምን ያቅተዋል?» ብለው መጠየቅ ነበረባቸው። በ1996 ኮንግረስ መስፈርቱን መልሶ አጠበቀ፤ ብዙ ልጆችም ድጋፉን አጡ። ጥያቄው ግን አልቀረም።

አሁን የልጁ ሕመም ከዝርዝሩ ጋር ካልገጠመ ገምጋሚው ስድስት ነገሮች ያያል፦ መማርና የተማሩትን መጠቀም፣ ትኩረት ሰጥቶ ሥራን መጨረስ፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ መንቀሳቀስና ዕቃ መያዝ፣ ራስን መንከባከብ፣ አጠቃላይ ጤንነት። በሁለቱ ከባድ፣ ወይም በአንዱ እጅግ ከባድ ችግር መኖሩ መታየት አለበት።

ስለዚህ «ኦቲዝም» ወይም «የሚጥል በሽታ» ብቻ የሚል የሐኪም ወረቀት አይበቃም። ልብሱን ማን ያለብሰዋል? ሌሊት ስንቴ ይነሣል? አስተማሪው ምን ይላል? በደብተር መዝግቡና ለሐኪማችሁ አሳዩ። እኛ ሐኪሞች ያልነገራችሁንን አንጽፍም፤ ገምጋሚውም ያልተጻፈውን አያይም።

መልሱ «አይሆንም» ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፤ ደብዳቤው ከደረሳችሁ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ።

ለሚያስፈልገው ወላጅ አጋሩት። ጤናችሁ ይብዛ።